በሦስት መስመር የጠፋው ቁጥር

ሳትወልጂኝ እናቴ ለሆንሽው፣ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽ? እንደምን ሰነበታችሁ? ወገብሽ ከስፌት መኪናው ስትነሺ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ተወሽ? ዓይንሽስ የመርፌ ቀዳዳ ያያል ወይስ ክር የምታስገባልሽ ልጅሽ ሆናለች? የእማዬ ጆሮ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ጋሼ አናጢውስ ጉልበቱን ተሻለው? ይህን ሁሉ የምደረድረው የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከወንድማችን ቀብር ከተመለስኩ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም፤ ጥያቄው ተጠራቅሞብኝ ነው። እኔን ካልሽኝ ገላዬ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ናፍቆቱን ለፈጣሪ ካልሆነ ለማንም አላወራውም።

እደውላለሁ፣ አታነሺም። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል። መልእክት እንዳልክ የምደውልበት መስመር ድምፅ ብቻ ነው የሚወስደው። እማዬ ብታነሳውም አትሰማ፤ ጋሼ ደግሞ «እቤት አንድ ጯሂ ይበቃኛል» እያለ ስልክ ከመያዝ እንዳመለጠ ነው፤ በእሱ በኩል የምገባበት ቀዳዳ የለም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ቀጥዬ ስልኳ ተበላሽቶ ነው አልኩ። ኋላ ግን ራሴን መዋሸት አቃተኝና ተቀይማኛለች ብዬ ቁጭ አልኩ።

ብትቀየሚኝም አይፈረድብሽም። ወንድማችን መኪናው የተገለበጠ ዕለት እኔ ጣሪያ ላይ ኬብል ስዘረጋ ስልኬ ታች ቦርሳ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የሆስፒታሉ ጸሐፊ እኔን ቢያጣ ጊዜ ከሟቹ ስልክ «እትዬ» የሚለውን ስም አወጣና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ደወለልሽ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሥራውን ነው የሠራው። አንቺ ግን መርፌውን ከጨርቁ ሳትነቅዪ የወንድምሽን ሞት ከማታውቂው ቁጥር፣ ከማታውቂው ድምፅ ሰማሽ። ይህን የነገረችኝ ልጅሽ ናት። ለቀብሩ ስመጣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንቺ ጎኔ ተቀመጥሽና አንድ ነገር ብቻ ተናገርሽኝ። «ለምን ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁት?» አልሽኝ። ያንኑ ጥያቄሽን ይዤ ተመለስኩ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታዬ ላይ አንድ ነገር ስለደረሰ ነው። ወሬው ረጅም ነው፣ ስለ ስልክና ስለ ሽቦ ነው፤ እንደ እማዬ ተረት መጨረሻው እስኪመጣ ታገሺኝ። መጨረሻው አንቺው ጋ ነው የሚመጣው።

እንደምታውቂው የምሠራው ደም ባንክ ውስጥ ነው። ሆስፒታሎች ደም ሲጠይቁን ማቀዝቀዣው ውስጥ ካለን እንሰጣለን፤ ከሌለን ለለጋሾች ደውለን እንጠራለን። የሚደውሉት ሦስት ሴቶች ናቸው። ከሁሉም ነባሯን «የኔ ጌታ» እንላታለን፤ ስልክ ያነሳላትን ሁሉ ሽማግሌም ይሁን ጎረምሳ «የኔ ጌታ» ሳትል አታናግርምና። የሁለት መቶ ለጋሽ ድምፅ በጆሮዋ ትለያለች፤ የማን ሚስት እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ሳይቀር ታውቃለች።

የኔ ሥራ የስልክ ማዞሪያው ነው። ድሮ ማዞሪያ ሲባል ግድግዳ ሙሉ ሽቦ ነበር፤ የአሁኗ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ናት። ደዋዮቹ ቁጥር ሲመቱ ጥሪው ከሳጥኗ ወጥቶ በኢንተርኔት ወደ አንድ የስልክ አገልግሎት ድርጅት ይሄዳል፤ ድርጅቱ ተቀብሎ ወደ ሰዎቹ ኪስ ያደርሰዋል። ያለን መንገድ ይኸው አንድ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ታዲያ ድርጅቱ ተበላሸና ቢሯችን እስከ ምሳ ሰዓት ዲዳ ሆኖ ዋለ። የስልክ እጀታ ይዘው የተቀመጡ ሦስት ሴቶች ሲተያዩ ማየት ያስፈራል። ኃላፊያችን ተረት የሚወድ ሰው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ ዓይን ጨምርልኝ» አለኝ።

ጨመርኩለት። ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ተዋዋልን፤ እያንዳንዳቸው የመለያ ስምና የምስጢር ቃል ሰጡኝ። ሳጥኗንም አዘዝኳት፦ መጀመሪያ በአንደኛው ላኪ፤ እሱ ካልመለሰልሽ በሁለተኛው፤ እሱም ከወደቀ በሦስተኛው። ወደ እኛ የሚደወለው ደግሞ በየትኛውም በኩል ቢመጣ እዚያው ደዋዮቹ ጠረጴዛ ላይ ይጥራ። ለመናገር ቀላል ነው፤ ለመሥራት ግን አንዱ ሲገባ ሌላው እየወጣ፣ ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ እየተሰማ ስንት ቀን አቃጠለኝ።

ካለቀ በኋላ ሁሉም ባሉበት ፈተንነው። አንደኛውን ዘጋሁና «የኔ ጌታ» ወደኔ እንድትደውል ነገርኳት። እሷ ከጠረጴዛዋ ደወለች፣ ከክፍሉ ማዶ የኔ የኪስ ስልክ ጠራ፤ አንስቼ እንደምን ዋልሽ ስላት ሁሉም ሳቀ። ሁለተኛውንም ዘግቼ ወደ ሹፌራችን እንድትደውል አደረግሁ፤ እሱም አነሳ፣ ምሳ ማን ይጋብዘኛል አለ። ኃላፊው አጨበጨበ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። እትዬ፣ ልብ በይልኝ፤ ማናችንም የስልካችንን መስታወት አላየንም። ምን ልናይ? የምትደውልልን እዚያው ፊታችን ተቀምጣ እየሳቀች ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንደኛው ድርጅት እንደገና ወደቀ። ሳጥኗ እንደታዘዘችው ጥሪውን ሁሉ ኮሽ ሳይል ወደ ሁለተኛው አዞረችው። መብራቷ አረንጓዴ ነው። አየሁና ልቤ ሞላ፤ ማንም ምንም አለማወቁ ራሱ ሙያዬ መሰለኝና ለማንም ሳልናገር ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ደዋዮቹ ግን ማጉረምረም ጀመሩ። ዛሬ ሰው ምን ነክቶታል፣ አንድም የሚያነሳ የለም ይላሉ። ገበያ ቀን ይሆናል፣ ሰው ደክሞት ይሆናል እየተባለ ረፈደ።

ከቀትር በፊት ከአንድ ሆስፒታል በተጠባባቂ ቁጥራችን ተደወለልን። አንዲት ሴት ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። የእሷ ዓይነት ደም ብዙ ሰው ላይ አይገኝም፤ ከማቀዝቀዣችን ካለቀ ሰንብቷል። በከተማው ይህ ደም ያላቸውን ሦስት ሰዎች እናውቃለን። አንዱ አገር ለቆ ሄዷል። አንዷ በቅርቡ ሰጥታ ገና አላገገመችም። የቀረው አንድ በያጅ ነው፤ የበርና የመስኮት ብረት የሚበይድ ሰው። «የኔ ጌታ» ስትደውልለት ሁለተኛው ጥሪ ሳያልቅ «አቤት የኔ እመቤት» እያለ የሚያነሳ፣ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ደወለች። አላነሳም። ደገመች። አላነሳም። እጀታውን ይዛ ቀና አለችና «ይህ ሰው ሞቶ ካልሆነ ስልክ አያሳልፍም» አለች። በራሷ የኪስ ስልክ ሞከረች፤ ያንንም አላነሳ። ኃላፊው ሹፌሩን ወደ ብየዳ ቤቱ ላከው፤ ቤቱ ግን ተቆልፎ አገኘው። ለካ በያጁ የሚውለው በየሚሠራው ሕንፃ ነው፤ የት እንዳለ የሚያውቅልን ስልኩ ብቻ ነበር። ሆስፒታሉ በየመሀሉ እየደወለ ምን ደረሳችሁ ይለናል። እነሱ ሲደውሉልን ይገባል፣ እኛ ስንደውል ይጠራል፤ ምኑ ተበላሸ ልበል?

«የኔ ጌታ» ወደኔ ዞረች። «ይህቺ ሳጥንህ ትደውላለች ወይስ የምትደውል ትመስላለች?» አለችኝ። ተቆጣሁ። ሲጠራ በጆሮሽ እየሰማሽ አይደል ወይ አልኳት። ብቆጣም ግን ፈርቻለሁ፤ ኬብል እየነቀልኩ ሰካሁ፣ የሳጥኗን መዝገብ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሁሉም ጥሪ ደርሷል፣ ሁሉም ስልክ ጠርቷል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ጊዜው ይሄዳል፤ የዚያች ሴት ደም ግን አይጠብቀንም።

በመጨረሻ ሌላ ሲጠፋኝ ወደኔ ደውይ አልኳት። ስልኬ እጄ ላይ በራ። የማላውቀው ረጅም ቁጥር ነው፤ አጀማመሩም የዚህ ከተማ አይደለም። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ደዋይዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ደውይ ያልኳትም እኔው ነኝ። ሆኖም ያንን ቁጥር ሳይ አውራ ጣቴ ሳላዘው ቆመ። ከወንድማችን ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲመጣብኝ እንዲህ ያደርገኛል። ጠርቶ ጠርቶ አለቀ። አላነሳሁትም።

«አንተም?» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። በአንደኛው ድርጅት ስንደውል ሰዎቹ የሚያዩት የቢሯችንን ቁጥር ነው፤ ስልካቸው ውስጥ «ደም ባንክ» ብለው ያስቀመጡትን። ሁለተኛው ግን የኛን ትቶ የራሱን ቁጥር ነው የሚያሳየው። የኛን አሳይልን ብንለው ቁጥሩ የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃ አምጡ ይላል፤ ያ ደግሞ ቀን ይፈጃል። ሦስተኛው ቁጥራችሁን ጻፉልኝና አሳይላችኋለሁ ብሎ ቦታ ሰጥቶኝ ነበር። ባዶውን ተውኩት። ጥሪው ከደረሰ ስም ምን ያደርጋል ብዬ ነው። የለጋሽ ሁሉ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠራ ነበር፤ ሰዎቹም በእጃቸው ይዘው ያዩታል፤ የሚጠራቸው ማን እንደሆነ ግን አያውቁም።

ያንን ባዶ ቦታ በቁጥራችን ሞላሁት። ሁለተኛውን ዘጋሁና ጥሪው ሁሉ በሦስተኛው እንዲወጣ አደረግሁ። መጀመሪያ ወደኔ አስደወልኳት፤ አሁን መስታወቱን አየሁ፣ የቢሯችን ቁጥር ነው። ከዚያ ለበያጁ ደወለች። ሁለተኛው ጥሪ አላለቀም። «አቤት የኔ እመቤት» ሲል እኔ እስከቆምኩበት ተሰማ። እሷ ግን የኔ ጌታ ሳትል እጀታውን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ኃላፊው ተቀብሎ ነገረው።

የብየዳ ልብሱን ሳያወልቅ፣ ፊቱ ጥላሸት እንደሆነ መጣ። ደሙ ሄደ። ማታ ላይ ሆስፒታሉ ደውሎ እናትየው ተርፋለች፣ ሕፃኑም ደህና ነው አለን። ኃላፊው የሁላችንንም እጅ እየዞረ ጨበጠ። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ግን ይኸው እስካሁን እጠይቃለሁ።

በያጁ ደሙን ሰጥቶ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስልኩ አልተሰማህም ነበር ወይ አልኩት። ሰምቼዋለሁ፣ ሲጠራ አይቼዋለሁ፣ የማላውቀውን ቁጥር ግን አላነሳም አለኝ። ለምን አልኩት። «የማላውቀው ቁጥር ደግ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ሰው ሲሞትብህ የሚደውልልህ እኮ የማታውቀው ነው» አለ። ይህን ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን ተነስቼ ወደ ማዞሪያው ክፍል ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁና አንቺን አሰብኩ።

ድሮ የምናወራሽ በወንድማችን ስልክ ነበር። እሱ ይደውላል፣ እኔ ከእጁ እቀማዋለሁ፣ አንቺም አንተ ሌባ መልስለት ትይኛለሽ። አንቺ ስልክ ላይ ያለው የእሱ ቁጥር ነው እንጂ የኔ ኖሮ አያውቅም። እሱ ካለፈ በኋላ እኔ የምደውልልሽ ርካሽ ስለሆነ በኢንተርኔት ጥሪ ነው፤ ያም ድርጅት ጥሪውን በየዕለቱ ለተመቸው ሌላ ድርጅት ነው የሚሰጠው። ከዚያች ክፍል ሆኜ ለሹፌራችን በዚያው ደወልኩለትና ምን ቁጥር አየህ አልኩት። ነገረኝ። እንደገና ደወልኩ። ሌላ ቁጥር ነገረኝ። ሰውዬው አብደሃል ወይ አለኝ።

እንግዲህ ሙያዬ ስልክ ሆኖ፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መስመር እየቀጠልኩ፣ አንቺ ጋ ስደርስ ማን ሆኜ እንደምታይ አንድ ቀን አላሰብኩም። በየጊዜው ሌላ ሰው መስዬ በርሽን ሳንኳኳ ከርሜ ለምን አልከፈተችልኝም ብዬ አኩርፌአለሁ። ስልክሽ በጠራ ቁጥር ደግሞ ያ የመጀመሪያው ቀን እንደሚመለስብሽ፣ መርፌሽን ይዘሽ እንደምትቆሚ አሁን ይታየኛል። ላጽናናሽ ስደውል ሳስደነግጥሽ ኖሬ እንደሆነ ይቅር በይኝ።

የወንድማችን ስልክ እኔ ጋ ነው። ቁጥሩን አልዘጋሁትም። አንቺም ስሙን ከስልክሽ እንዳልሰረዝሽ አውቃለሁ፤ የሟች ቁልፍ እንኳ የማትጥዪ ሰው ነሽ። በእሱ ብደውልልሽ ታነሺው ነበር። አልዋሽሽም፣ አውጥቼ በእጄ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ግን የእሱ ስም መስታወትሽ ላይ በርቶ፣ ልብሽ ለአንድ አፍታ አምኖ፣ ከዚያ የኔን ድምፅ ብትሰሚ ሁለተኛ መርዶ ይሆንብሻል። አጥፍቼ ከፎቶው ኋላ መለስኩት። እዚያው ይኑር።

አሁን ከሦስተኛው ድርጅት ለራሴ አንድ ቁጥር ወስጃለሁ። ከእንግዲህ በሌላ አልደውልልሽም። ከዚህ ወረቀት ጀርባ በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ ልጅሽ ስልክሽ ውስጥ ታስገባልሽ። በስሜ ሳይሆን «ጭራሮ» ተብሎ ይመዝገብ። አንቺ ስታዝዪኝ አጥንቴ ጀርባሽን እየወጋሽ ያወጣሽልኝ ስም ስለሆነ በሱ የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም። ደብዳቤው እንዲደርስሽ ጊዜ ሰጥቼ በዚህ ወር መጨረሻ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናሽ በሚያርፍበት ሰዓት እደውላለሁ።

ያን ዕለት ካላነሳሽው ግን ቁጥሩ አይደለም፣ እኔው ነኝ ማለት ነው። ፈራሁ እትዬ። እስከ ዛሬ ለምን እንደማታነሺ በእርግጥ ስለማላውቅ ተስፋ ነበረኝ። ለጠየቅሽኝ ጥያቄ አሁንም መልስ የለኝም፤ ጣሪያ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ታች ነበር፣ ሌላ የምለው የለም። ከማንም በፊት እኔ ልነግርሽ፣ አብሬሽም ላለቅስ ይገባኝ ነበር።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ በጆሮዋ ጠጋ ብለሽ ጮክ አድርገሽ ደህና ነው በያት። ለጋሼ አናጢው ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ስልክ ባይዝም ወረቀት አይሸሽም። ለልጅሽ፣ ክር ለምታስገባው፣ በርቺ በይልኝ፤ ቁጥሩን ስታስገባ አንዷን እንኳ እንዳትስት አደራ። ለጎረቤትሽ ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ በቀብሩ ሰሞን ሰው ሁሉ ሲሄድ ከጎንሽ ላልተለየችው፣ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ወደ ወንድማችን መቃብር ስትሄጂም እኔን እንዳለሁ ቁጠሪኝ።

እሁድ ሲጠራ ከማንሳትሽ በፊት መስታወቱን እዪው። ጭራሮ የሚል ከሆነ እኔ ነኝ። ተቀይመሽኝ ከሆነም አንሺና ተቆጪኝ፤ ቅያሜሽንም ቢሆን ካንቺው አፍ ልስማው።

ታናሽ ወንድምሽ
ጭራሮ

ከማዞሪያው ክፍል
ሐሙስ፣ ጥር 5 ቀን